ሲስተር አማረችና ያልተቀመጠችበት መስኮት

ሲስተር አማረች መሞቷን የሰማሁት በቴሌግራም ነው። «የሞምባሳ ተጓዦች» የሚባል ግሩፕ ነበረን፤ ከጉዞው ከተመለስን በኋላ ማንም የማይጽፍበት፣ ማንም ደግሞ ቀድሞ ለመውጣት የማይደፍረው ግሩፕ። ማክሰኞ ጠዋት ታሪኩ የሚባለው የላብራቶሪ ባለሙያችን «ሲስተር አርፋለች። ቀብሩ ነገ በትውልድ መንደሯ፣ ከዲምቱ ወዲያ ነው» ብሎ ጻፈ። ከሥሩ አንዱ የሚያለቅስ ፊት፣ ሌላው የተጋጠሙ እጆች ለጠፈ። እኔ ምንም አልለጠፍኩም። ባጃጅ ውስጥ ነበርኩ፤ ሾፌሩ «ወንድሜ፣ ደርሰናል እኮ» እስኪለኝ ድረስ መሥሪያ ቤቴ በር ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

ሐዘን ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕር አላነሳም ነበር። ሲስተር ዕድሜዋን ሠርታበታለች፤ ልቧ ከደከመ ቆይቷል፤ ይህን የሕክምና መዝገቧም ይናገራል። እኔ የማልረሳው እሷ ገና በሕይወት ሳለች የወሰድኩባትን ነገር ነው። ማንም ሌባ አላለኝም፤ እንዲያውም ተመስግኜበታለሁ። ወደዚያ እደርሳለሁ።

ሲስተር አዋላጅ ነርስ ነበረች። አጭር፣ ወፈር ያለች፣ የተኛ ሰው የምትቀሰቅስ ይመስል እየተጠነቀቀች የምትራመድ ሴት። ሰላም ስትልህ እጅህን አትጨብጥም፤ አንጓህን ትይዛለች። ሁለት ጣቶቿን የደም ሥርህ ላይ ታሳርፍና «እንዴት ነህ?» ትልሃለች፤ መልስህን ሳትጠብቅ ደግሞ «ቁርስ አልበላህም» ወይም «ከሚስትህ ተጣልተህ ነው የመጣኸው» ትላለች። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነበረች። እኔን ግን ያናድደኝ ነበር። ሰው ጠዋት ሥራ ሲገባ ፊርማ አልበቃ ብሎ የልቡን ምት ማስመዝገብ አለበት እንዴ?

አማርኛዋ የሶዶ አማርኛ ነበር። ቤቷ ወላይትኛ፣ ቢሮዋ አማርኛ፣ መዝገቧ እንግሊዝኛ። «ሐኪሙ መጣች፣ አምቡላንሷ ተበላሸ» ትላለች፤ እኛም ለምደን ሐኪሙም አምቡላንሷም የት እንዳሉ ወዲያው ይገባናል። አንቱ ብለናት አናውቅም። እኛ ዘንድ «ሲስተር» ካልክ አክብሮቱ እዚያው ቃሉ ውስጥ አለ።

ቅድስት አልነበረችም፤ ሙታንን ቅዱስ የማድረግ ልማዳችን አይገባኝም። ጓንት ስትሰጥህ ከራሷ ጣት ላይ የምታወልቅ ይመስል ትሳሳ ነበር። የማዋለጃ ክፍሉ በር ላይ የሚንቆራጠጡ ባሎችን «አንተ ነህ እንዴ የምትወልደው? ቁጭ በል!» ብላ ታዋርዳቸዋለች። መዝሙር ትወድ ነበር፤ ዜማው ግን አይወዳትም። በምሳ ሰዓት ዳታዋን በትንሽ ብልቃጥ ይዛ ትመጣና ሳትጠየቅ ሁሉም ሰው ምግብ ላይ ታደርጋለች፤ ያ የወላይታ በርበሬ ዓይናችንን እያስለቀሰው «ደግ ነው፣ ደምህን ያነቃል» ትለናለች።

ሥራ የጀመረችው ተበላ በምትባል ከተማ ነው። ከዚያ ጉኑኖ፣ ከዚያ ዲምቱ፣ በመሐልም ራሷም ቅደም ተከተላቸው የሚምታታባት ሌሎች ጣቢያዎች። የዝውውር ደብዳቤ በመጣ ቁጥር ያለ ክርክር ሻንጣዋን ታነሳለች። ባል አላገባችም፤ ለምን ብዬ አንድ ቀን በድፍረት ስጠይቃት «የቱ ወረዳ መጥቶ ያግባኝ?» አለችኝና ሳቀች። ቁም ሳጥን ገዝታ አታውቅም ነበር። ልብሷ አልጋ ሥር ባለ ሻንጣ ውስጥ፣ ሻንጣው ደግሞ ሁልጊዜ ግማሽ ክፍት ሆኖ ይኖራል።

መጀመሪያ የተገናኘነው ስሙን የማልጠራው አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነው። እኔ የጤና መረጃ ባለሙያ ነኝ፤ ማለትም ሌሎች የሠሩትን እቆጥራለሁ። ገና ከኮሌጅ የወጣሁ ጊዜ ነው። ሩብ ዓመቱ ሲያልቅ ከላይ ተደወለ፤ ጣቢያችን ያዋለዳቸው እናቶች ቁጥር ከዕቅዱ በታች ነው፣ «ይስተካከል» ተባለ። ምን ማለት እንደሆነ ገባኝ። መዝገቡን ገልጬ ስጽፍ ሲስተር ከኋላዬ መጥታ ቆመች።

«ስሟ ማን ነው?» አለችኝ።

«የማን፣ ሲስተር?»

«አሁን የጨመርካት ሴትዮ። ስሟ ማን ነው? ልጁስ ወንድ ነው ሴት? ስንት ኪሎ መዘነ?»

እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደችና የጻፍኩትን በአንድ መስመር ሰርዛ ከጎኑ ፈረመችበት። «ያልተወለደ ልጅ እኔ መዝገብ ላይ አይተኛም» አለች። ሪፖርቱ እንዳለ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ የዝውውር ደብዳቤ መጣላት። ሻንጣዋን መኪና ላይ የጫንኩት እኔ ነኝ፤ ያን ቀን አንጓዬን ይዛ «አትፍራ፣ ገና ልጅ ነህ» ነው ያለችኝ። በሕይወቴ ሲዋሽ ያላየሁት ሰው እሷ ብቻ ናት፤ ይህን የምለው ስለሞተ ሰው ሁሉ ስለሚባል አይደለም።

ከዓመታት በኋላ ሁለታችንም ሶዶ ውስጥ አንድ ጤና ተቋም ተገናኘን። ጡረታዋ ሊደርስ ሲል ታሪኩ ባሕር እንሂድ የሚል ሐሳብ አመጣ። እንደኛ ያለ የመንግሥት ሠራተኛ እረፍት ካለ ሐዋሳ ወይም አርባ ምንጭ ደርሶ ዓሣ በልቶ ይመለሳል። እሱ ግን ኬንያ ያለ ቪዛ ያስገባል፣ በሞያሌ በኩል በአውቶቡስ ናይሮቢ፣ ከናይሮቢ በባቡር ሞምባሳ ይገባል ብሎ አስቦ ጨርሶታል። ስድስት ሰዎች ሆንን። ሁለት ዓመት አጠራቀምን፣ ፓስፖርት አወጣን፣ የቢጫ ወባ ክትባታችንን እርስ በርስ ተወጋጋን።

ሁላችንንም ያስገረመችን ሲስተር ናት፤ ከሁሉም ቀድማ ስሟን አስመዘገበች። ታሪኩ «ሲስተር፣ ባሕር ምን ያደርግልሻል?» ብሎ ሲያሾፍባት እንዲህ አለችው፦ «ሕይወቴን ሙሉ የእንሽርት ውሃ ፈሰሰ እየተባልኩ ስሮጥ ኖርኩ። አንድ ጊዜ እንኳን ውሃ ሲመጣ ቁጭ ብዬ ልይ።»

ቁጭ ማለት፤ የፈለገችው ይህንኑ ነው። ታሪኩ በስልኩ ሲፈልግ ዋታሙ በምትባል ትንሽ የባሕር ዳር መንደር አንድ ቤት አገኘ። ባለቤቷ ፎቶ ላከችለት፤ ፎቅ ላይ ያለ ክፍል፣ ሰፊ መስኮት፣ ከመስኮቱ ሥር የእንጨት ወንበር፣ ከመስኮቱ ባሻገር ውሃ ብቻ። ሙሉ ሳምንቱን ለሚይዝ ሰው ፎቁን እሰጣለሁ፣ ለአንድ ሁለት ሌሊት ከሆነ ግን የጓሮውን ክፍሎች ነው የማከራየው አለች። ሲስተር ያን ፎቶ ወደ ስልኳ አስላከች። ወረፋ የሚጠብቁ ነፍሰ ጡሮችን ሳይቀር «ይኸው፣ እዚህ ነው የምቀመጠው» እያለች ስታሳይ አይቻታለሁ።

እኔ ሌላ ዕቅድ ነበረኝ። ካገር ወጥቼ አላውቅም። ሶዶ ስመለስ ሰው «ያን ሁሉ መንገድ ሄዳችሁ አንድ ቤት ውስጥ ተቀምጣችሁ መጣችሁ?» ይለኛል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ በኮምፒውተር ሠንጠረዥ ሠራሁ፤ ሞምባሳ ከተማ ሁለት ሌሊት፣ ዲያኒ ሁለት ሌሊት፣ ዋታሙ ሁለት ሌሊት። በየቦታው የሚጎበኝ ነገር፣ በየቦታው ፎቶ። ሠንጠረዡን በቀለም ለየሁት። የሰው ገንዘብና የሰው እግር ላይ ስትወስን ቀለም መምረጥ እንዴት ደስ እንደሚል!

አርብ ከሥራ በኋላ በስብሰባ ክፍላችን ተቀመጥን። ታሪኩና ፋርማሲ የምትሠራው ብርቱካን ከሲስተር ጋር ሆኑ፤ አንድ ቦታ፣ አንድ ቤት። እኔና ሁለቱ ወጣት ነርሶች ደግሞ ሦስት ቦታ አልን። ሦስት ለሦስት። ተከራከርን። ታሪኩ «ሰውዬ፣ ሻንጣ ስትጎትት ልትከርም ነው?» ይለኛል፤ እኔ «ቤት መቀመጥ ከሆነ ሶዶስ ቤት የለህም?» እለዋለሁ። ሲስተር እስከዚያ ድረስ አልተናገረችም። በመጨረሻ ጉሮሮዋን ጠረገችና «እስቲ እኔ አንድ ነገር ልንገራችሁ» አለች።

ከነርሶቹ አንዷ ወደ እሷ ዞራ ስታዘነብል አየሁ። ሲስተር ሁለት ዓረፍተ ነገር ከተናገረች አራት ለሁለት እንደሚሆን ገባኝ። ስለዚህ ቀደምኳት። «ሲስተር» አልኩ በትሕትና፣ አንገቴን ሰበር አድርጌ፣ «ሰዓቱም ሄዷል፤ ለፕሮግራሙ ጸልዪልንና እንዝጋ።»

ይህን የማያውቅ አንባቢ ካለ ላስረዳ። እኛ ዘንድ ስብሰባ በጸሎት ከተዘጋ ተዘጋ። ከስድስታችን ሁለቱ ኦርቶዶክስ ነበሩ፤ ለጸሎቱ ግን ሁሉም ይቆማል። የተጸለየበትን ነገር መልሶ የሚከፍት ሰው ከባልደረቦቹ ጋር ሳይሆን ከላይ ካለው ጋር የሚከራከር ይመስላል። ደግሞ ጸልዪ የተባለች ትልቅ ሰው «ቆይ፣ መጀመሪያ ሐሳቤን ልጨርስ» አትልም። ሲስተር ቀርቶ ማንም አይልም። እኔ ይህን አውቃለሁ፤ እዚሁ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ።

ሲስተር ለአፍታ አየችኝ። ከዚያ ተነሳች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ረጋ ባለ ድምፅ ጸለየች። «የልጆቹን ፕሮግራም ባርክ፣ በወጡበትና በገቡበት ሁሉ ጠብቃቸው» አለች። አሜን አልን። ታሪኩ «እንዴ፣ ገና መች ወሰን...» ብሎ ሲጀምር እኔ ከፍ ባለ ድምፅ «ተጸልዮበታል እኮ!» አልኩ። ሁሉም ሳቀ፣ ወንበር ተንኳኳ፣ ሰው ወጣ። ሠንጠረዡን በዚያው ምሽት ግሩፑ ላይ ለጠፍኩት። ለራሴ ጎበዝ ነህ ማለቴን አስታውሳለሁ።

መንገዱን አላወራም፤ ኮንሶ፣ ያቤሎ፣ ሞያሌ፣ ከዚያ ማለቂያ የሌለው የኬንያ አስፋልት። ሲስተር በአውቶቡሱ ውስጥ ውሃ አትጠጣም ነበር። ብርቱካን ጠርሙስ ስትዘረጋላት አንገቷን ትነቀንቃለች። እኔ የጤና ባለሙያ ነኝ ባዩ፣ ከፊቷ ተቀምጬ ሁለት ቀን ሙሉ ይህን አይቼ «ሲስተር መንገድ ላይ መቸገር አትወድም» ብዬ አለፍኩ።

ሞምባሳ ስንደርስ እግሯ ከጫማዋ አልወጣ አለ። በማግስቱ አሮጌውን ምሽግና ጠባብ መንገዶቹን ለማየት ስንወጣ አብራን ወጣች፤ ሠንጠረዡ ላይ ስላለ። ደረጃ ባየች ቁጥር ቆም ብላ ግድግዳውን ታደንቅ ነበር። አሁን ሳስበው የምታደንቀው ግድግዳ አልነበረም፤ ትንፋሿን እየሰበሰበች ነበር።

ወደ ዲያኒ ለመሄድ ሰውና መኪና አብሮ በሚያሻግረው ትልቅ ጀልባ ቆመን ተሻገርን። ሲስተር ለመጀመሪያ ጊዜ የባሕር ውሃ በቅርብ ያየችው በሰው ትከሻ መሐል ነው። ዲያኒ የደረስንበት ማረፊያ ለሁለት ሌሊት እንግዳ የሰጠው ክፍል መስኮቱ ወደ ጄኔሬተሩ የሚያይ ነበር። በማግስቱ ጠዋት እኛ በጀልባ ወጣን፤ እሷ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ ቀረች። እንዳትከፋ ብዬ ከጀልባው ላይ አሥራ ሰባት ፎቶ ላኩላት።

ማታ ፀሐይ ሳትጠልቅ እኔና ታሪኩ ግራና ቀኝ ደግፈን ወደ ባሕሩ ወሰድናት። ደረስን። ባሕሩ አልነበረም። ጭቃና ድንጋይ፣ የሣር ቁራጭ፣ እዚህም እዚያም የቀረ ኩሬ፤ ውሃው ርቆ ሄዶ እንደ ክር ይታያል። ስድስት ሰው ከሶዶ ተነስተን ስንመጣ የባሕር ውሃ በቀን ሁለት ጊዜ ሄዶ እንደሚመለስ አንዳችንም አላሰብንበትም። እኛ የምናውቀው ውሃ ዓባያ ነው፤ ዓባያ የትም አይሄድም።

«ባሕሩ የት ሄደች?» አለች ሲስተር።

ግቢውን የምትጠርግ አንዲት ሴት ሳቀች። የጋራ ቋንቋ የላቸውም፤ ሁለቱ ግን በጣት ተነጋገሩ። የዚያ አገር ሰዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛው ከንጋት ጀምረው ነው፤ ሲስተር ይህን ስታውቅ ፊቷ በራ። ሴትዮዋ አምስት ጣቷን ዘረጋች፣ ፀሐይ ወደምትወጣበት አመለከተች፣ ከዚያ እጇን እስከ ግቢው የድንጋይ ግድግዳ ድረስ አመጣችው። ነገ አምስት ሰዓት ውሃው ግድግዳው ድረስ ይመጣል ማለቷ ነው። ሲስተር እንደ ልጅ አምስት ጣቷን መልሳ ዘረጋች።

እኛ ክፍል የምንለቀው በአራት ሰዓት ነበር። መኪናው ለዚያው ሰዓት ተቀጥሯል። በማግስቱ ጠዋት በሩ ላይ ሻንጣዋን ይዛ ቆማ «ምናሴ፣ አንድ ሰዓት ብቻ ብንቆይስ?» አለችኝ። ስሜን ጠርታ ስትለምነኝ የመጀመሪያዋ ነው። እኔ ደግሞ ሹፌሩ እያየኝ፣ ሰዓቴን እያየሁ፣ ቀልድ መስሎኝ እንዲህ አልኳት፦ «ሲስተር፣ ራስሽ የጸለይሽበትን ፕሮግራም ራስሽ ልታፈርሺ ነው?»

«እውነትህ ነው» አለች። መኪናው ውስጥ ገባች።

ያን ቀን ጀልባው ላይ ወረፋ ነበር፣ መንገዱም ረጅም ነው፤ ዋታሙ ስንገባ ለዓይን ያዝ ሊያደርግ ነበር። በሁለት ባጃጅ ተከፋፍለን ወደ ማረፊያችን ስንሄድ ሲስተር ስልኳን አውጥታ ለሾፌሩ ፎቶውን አሳየችው። እሱም ያውቀው ነበርና በዚያ በኩል አድርጎ ቆመ። ቤቱ እንደ ፎቶው ነው። ፎቁ ላይ ያለው መስኮት ክፍት ነበር፤ ቀይ ፎጣ ተሰጥቶበታል፤ ውስጥ ሰው ይስቃል። ሳምንቱን ሙሉ የያዙ ሌሎች እንግዶች ነበሩ። ሲስተር ለትንሽ ጊዜ አየችና «ጥሩ ቤት ነች» አለች፤ ከዚያ የባጃጁን ሾፌር ትከሻ በጣቷ ነካ አድርጋ እንሂድ አለችው።

የእኛ ማረፊያ ከባሕሩ ሦስት መንገድ ወደ ውስጥ ነበር። በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ሲስተር ከአልጋ አልወረደችም። ብርቱካን ከክፍሏ ወጥታ በረንዳው ላይ አገኘችኝ፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«እንዳልናገር አስምላኝ ነበር፤ አሁን ግን ይውጣልኝ» አለች። «ልቧ ከደከመ ዓመት አልፎታል። ውሃ የሚያስወጣውን ኪኒን የምሰጣት እኔ ነኝ። ኪኒኑን ከወሰደች በየሃያ ደቂቃው መጸዳጃ ቤት ትፈልጋለች፤ ስለዚህ በጉዞ ቀን አትወስደውም። አንተ ስንት የጉዞ ቀን እንደሰጠኻት ቁጠረው። ቆጣሪው አንተ አይደለህ?»

በጣቴ ቆጠርኩ። በዚያች አርብ ቀን «አንድ ነገር ልንገራችሁ» ስትል ምን ልትነግረን እንደነበር ያኔ ገባኝ።

ስንመለስ በባቡሩ ከጎኗ ተቀመጥኩ፤ ይቅርታ ለመጠየቅ ቃል እየፈለግሁ። እሷ ቀደመችኝ።

«ጸሎቱን ለምን እንዳስደረግከኝ አውቄ ነው የጸለይኩት» አለች፤ መስኮት መስኮቱን እያየች።

«ታዲያ ለምን ጸለይሽ?» አልኩ። ድምፄ ተቆጥቶ ወጣ፤ ጥፋቱን ወደ እሷ ላሸጋግር ይመስል።

«ጸልዪ ተብዬ እምቢ ልበል? እንደማልል ስለምታውቅ አይደል የጠየቅከኝ?» አለች። ከዚያ አንጓዬን ያዘችና ሁለት ጣቶቿን አሳረፈችበት። ረጅም ጊዜ ያዘችው። ሁልጊዜ ያገኘችውን ትነግረኝ ነበር፤ ያን ቀን ምንም አልነገረችኝም፤ እጄን መልሳ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችልኝ።

ሶዶ ከተመለስን በኋላ ሸሸኋት። ጡረታ ስትወጣ በሽኝቱ ላይ ከኋላ ተቀመጥኩ። እየታመመች መሆኗን ሰማሁ፤ ነገ እጠይቃታለሁ እያልኩ ከረምኩ። አራት ወር ሙሉ ነገ አልኩ። ከዚያ ያ ማክሰኞ መጣ።

ለቀብሩ ሁላችንም በአንድ ሚኒባስ ሄድን። ከዲምቱ ወዲያ ወደ ብላቴ ወንዝ የሚወርደው ቆላ፣ የበቆሎው ማሳ፣ ድንኳኑ፣ ሕዝቡ። ከቀብር በኋላ ድንኳን ገብተን ስንቀመጥ አንድ ሽማግሌ በምርኩዝ ወደ እኛ መጡ። ታላቅ ወንድሟ አቶ ባሳ ናቸው። «ከእናንተ ምናሴ ማን ነው?» አሉ በወላይትኛ።

ተነሳሁ። ነግራቸዋለች አልኩ፤ እዚሁ በሰው ፊት ሊያዋርዱኝ ነው። እውነቴን ነው የምለው፣ ያኔ ቢያዋርዱኝ በወደድኩ ነበር።

ሽማግሌው በሁለት እጃቸው እጄን ያዙና ትከሻዬን ሳሙኝ። «እህቴን ባሕር ያሳየሃት አንተ ነህ» አሉ። «ሁሉን ያዘጋጀው ምናሴ ነው ብላናለች። እግዚአብሔር ይስጥህ።» ከዚያ ወደ ፊት ወስደው ከቤተ ዘመዱ ጋር አስቀመጡኝ፤ የተቀቀለ የቦዬ ሥር ቀረበልኝ፣ አረቄ አልጠጣም ስል ወተት መጣልኝ። በላሁ። ታሪኩ ከድንኳኑ ማዶ ሆኖ አየኝና ፊቱን አዞረ።

አቶ ባሳ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ መታ መታ አድርገው ሰዉን ዝም አሰኙ። «ይህ ልጅ እዚያው ነበር፤ አሁን ከራሱ አፍ ስሙት» አሉ። ወደ እኔ ዞሩ። «አማረች ታማ ተኝታ ሳለች በየቀኑ ስለዚያ ቤት ታወራልን ነበር። ፎቅ ላይ ነው አለች። ትልቅ መስኮት አለው፣ ከሥሩ የእንጨት ወንበር። ስድስት ቀን ሙሉ እዚያች ወንበር ላይ ነው የተቀመጥኩት፣ ሻንጣዬን አንድ ጊዜ ከፈትኩ፣ አንድ ጊዜ ዘጋሁ አለች። ጠዋት ጠዋት፣ አምስት ሰዓት ሲሆን፣ ውሃው እስከ ግድግዳው ድረስ ይመጣል፣ ከዚያ ደግሞ ይመለሳል አለች። እዚህ ያሉት አላመኗትም። ብላቴ ይሞላል እንጂ ሰዓት ቆጥሮ አይመጣም፤ በሽታው ነው የሚያናግራት አሉ። እውነት ነው ወይ ልጄ?»

ድንኳኑ ሙሉ ሰው አየኝ። የባሕር ውሃ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት እንደማይመጣ ከተመለስኩ በኋላ አንብቤአለሁ፤ በየቀኑ የአንድ ሰዓት ያህል እየዘገየ ይሄዳል። ሁለት ጠዋት በተከታታይ የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል። ሲስተር አታውቀውም ነበር፤ በእጇ ያላት አንዲት የጽዳት ሠራተኛ በጣቷ ያሳየቻት ያ አምስት ሰዓት ብቻ ነው፤ እሱንም ነው ስድስት ቀን ያደረገችው።

«እውነት ነው» አልኩ።

«ስድስቱንም ቀን?»

«ስድስቱንም ቀን። እዚያው መስኮት አጠገብ።»

ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ፤ አንዱ ጎረምሳ አፍሮ አንገቱን ደፋ። አቶ ባሳ ምርኩዛቸውን ይዘው ቀና አሉና ሕዝቡን ዙሪያውን ተመለከቱ።

«አላልኳችሁም?» አሉ። «አማረች ዋሽታ አታውቅም።»